ቦቄ የላሰችው ኤርዝ

ሦስት እግር ያለው ስፒና ባየሁ ቁጥር እጄ ፒንሳ ፍለጋ ይሄድ ነበር። የቤቴ ሶኬት ያለው ሁለት ቀዳዳ ነው። ሁለት ቀዳዳ ባለበት ቤት ሦስት እግር ይዞ መምጣት ትዕቢት እንጂ ሌላ ምንድን ነው? ሰው ራሱ በሁለት እግሩ ሐጅ ደርሶ ይመለሳል። ስለዚህ መሃለኛዋን እግር በፒንሳ እይዝና ወዲያ ወዲህ አድርጌ ቀጭ! ፍሪጁም፣ ካውያውም፣ ቴሌቪዥኑም በየተራቸው በዚህ አልፈዋል። ከሚሴ ውስጥ እንዲህ አድርጎ የማያውቅ ሰው ካለ ይምጣና ይፍረድብኝ፤ የሚመጣ ግን አይመስለኝም።

ይህን የማወራላችሁ ልመክራችሁ ብዬ አይደለም። መምከር ጉልበት ይጠይቃል፣ እኔ ደግሞ ደክሞኛል። እንዲያው ቁጭ ብዬ ሳስበው፣ ጣት የማታህል ብረት ሰብሬ ባቲ ድረስ መሄዴ፣ ጓሮዬን መቆፈሬ፣ ከጎረቤቴ ጋር ሽማግሌ ፊት መቅረቤ ራሴንም ይገርመኛል።

ሥራዬ የፕላስቲክ ጫማና ምንጣፍ መሸጥ ነው፤ ሱቄ ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት ዳር ናት። ሰፈሩ ግን በጫማ አያውቀኝም። አንድ ጊዜ የጎረቤት ራዲዮ አልናገርም ብሎ ሲያስቸግር በጥፊ ብመታው ማውራት ጀመረ። በቃ፣ ከዚያ ወዲህ "መብራት አዋቂው" ሆኜ ቀረሁ። አምፖል የተቃጠለበት ሁሉ ይጠራኛል። እኔም እንቢ አልልም፤ ካቻቢቴዬን ኪሴ ውስጥ ሻጥ አድርጌ እሄዳለሁ። ሳያውቁ አዋቂ መባል እንዴት እንደሚጣፍጥ የቀመሰው ያውቀዋል።

እንግዲህ ይህ ስሜ እየሮጠ ሰንበቴ ከተማ ደረሰ። ሰንበቴ አጠገብ ደግሞ አማቴ ሼህ ሙሄ ይኖራሉ። የባለቤቴ የዘይነባ አባት ናቸው፤ ገበሬ ናቸው፣ አገር የሚያስታርቁ ሽማግሌም ናቸው። ማሽላው ፍሬ ይዞ ወፍ ጥበቃ በተጀመረበት ሰሞን አንድ ከሰዓት በኋላ በር አንኳኩ።

"አሰላሙ አለይኩም! አከም ጅርቱ? ደህና ናችሁ?"

ገብተው ተቀመጡ፤ ውሃ ጠጡ። ከዚያ ከጋቢያቸው ስር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡና ጉልበቴ ላይ አኖሩት። ፈታሁት፣ ካሴት ነው። የእኔና የዘይነባ ሠርግ መንዙማ የተቀዳበት ካሴት።

"ልጄ፣ ይህች የኸድጃ ድምፅ ያለባት ናት" አሉኝ።

ኸድጃ አማቴ ናት፤ የዘይነባ እናት። ወደ አኼራ ከሄደች ሁለት ክረምት አልፏል። ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ነበረች፤ ለእኔ ደግሞ አንድ ቃል ነበራት፤ "ኛዱ!" በኦሮምኛ "ብላ" ማለቷ ነው። ቤቷ ስገባ ኛዱ፣ ልወጣ ስነሳ ኛዱ፣ በልቼ ጨርሼ እጄን እየታጠብኩ ሳለም ኛዱ። ፎቶ መነሳት አትወድም ነበር። ስልክ ሲሰጧት ሰላምታውን ሳትጨርስ ለሌላ ሰው ታቀብላለች። ድምፅዋ የቀረው በዚያ ካሴት ላይ ብቻ ነው።

"የመጀመሪያው መንዙማ አልቆ፣ ድቤው ሲያርፍ፣ አንድ ነገር ትናገራለች" አሉ ሼህ ሙሄ። "ያኔ እኔ ደጅ ከእንግዶች ጋር ነበርኩ። ሴቶቹ ሲያወሩት ሰምቼ 'ምን ብለሽ ነው?' ብላት ሳቀችና ዝም አለችኝ። እስክትሞት አልነገረችኝም።"

"ካሴቱን አልሰሙትም ነበር?"

"እሷ እያለች ማን ካሴት ይሰማል? ከሄደች በኋላ ልሰማ ብል ቴፔን አይጥ በልቶት አገኘሁት።" ጆሯቸውን ነካ አደረጉ። "ግራ ጆሮዬ ከሄደ ቆየ። ቀኙም ዕቃውን እየሸከፈ ነው። ሳይሄድብኝ አንድ ጊዜ ልስማት። አንተ መብራት ታውቃለህ አሉ፤ በትልቁ አድርገህ አሰማኝ።"

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ዝም ብል ምን ነበረበት? "አባ፣ እኔ የጫማ ነጋዴ ነኝ" ብል ማን ይቀጣኛል? እኔ ግን ደረቴን ነፍቼ "አባ፣ ቀላል ነው፣ ኢንሻአላህ!" አልኩ። ሼህ ሙሄ መረቁኝና "ማሽላው ሲነሳ እመጣለሁ" ብለው ካሴቱን ትተውልኝ ሄዱ። እንዲህ ተማምነውብኝ ሲሄዱ ሳይ፣ ይህን ነገር የግድ ማድረግ አለብኝ አልኩ።

በነጋታው ኮምቦልቻ ሄድኩ። ሙዚቃ ቤቱን ከዘጋ ሰው አንድ ዴክ፣ አንድ አምፕሊፋየር፣ ሁለት ትልልቅ ስፒከር ገዝቼ በሚኒባስ ጭኜ መጣሁ። ዘይነባ በሩ ላይ ቆማ ዕቃው ሲወርድ አየች።

"ስንት ጊዜ ቁም ሳጥን ግዛልኝ ብዬህ፣ የሚጮህ ቁም ሳጥን ይዘህ መጣህ?"

"ለአባትሽ ነው" አልኳት። ለአባቷ ሲሆን ስፒከሩን በአንድ በኩል ይዛ አስገባችልኝ።

የዴኩም የአምፕሊፋየሩም ስፒና ባለ ሦስት እግር ነው። ምን እንዳደረግኩ ታውቃላችሁ። ቀጭ፣ ቀጭ።

ሰካሁና አበራሁ። ካሴቱ ገና አልገባም፤ ስፒከሮቹ ግን "እምምምምምም" አሉ።

"ወፍጮ ቤት ከፈትክ እንዴ?" አለች ዘይነባ።

"እየሞቀ ነው፣ ይተዋል።"

ሞቀ፣ አልተወም። ካሴቱን አስገባሁ። ድቤው መታ፤ ወንዶቹ በሙሉ ጉሮሯቸው ሲያወርዱት እምምታው ተሸነፈና ደስ አለን። ከዚያ ድቤው አረፈ። እኛ የምንፈልጋት ቦታ መጣች። እምምታው ሰፊ ሜዳ አግኝቶ ተንሰራፋ። ከስሩ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ እንደሚያወራ ሰው፣ አንድ የሴት ድምፅ ይሰማል፤ ምን እንደሚል ግን የሚያውቅ አላህ ብቻ ነው። ድምፁን ከፍ ሳደርገው እሱም አብሮ ከፍ ይላል። ዝቅ ሳደርገው እሷ ቀድማ ትጠፋለች።

እንግዲህ አዋቂ ነኝና መነካካት ጀመርኩ። ሽቦ ቀየርኩ። ዴኩን ከአምፕሊፋየሩ አራቅኩት፤ መልሼ አቀራረብኩት። በጥፊም መታሁት፤ ያሳደገኝ ሙያ ነው አልክደውም። በመጨረሻ ደክሞኝ እጄን ዴኩ ላይ ጥዬ ስደገፍ እምምታው በግማሽ ቀነሰ። እጄን ሳነሳ ተመለሰ። ስጥል ቀነሰ። ግራ እጄን አምፕሊፋየሩ ላይ ስጨምር ደግሞ ትንሽ ቀነሰ። ነዘር፣ ነዘር ያደርገኛል፤ ቢሆንም መፍትሔውን አገኘሁ ብዬ ተቀመጥኩ።

አስቡት፤ ሁለት እጄ ታስሯል። ሲርበኝ ዘይነባ ታጎርሰኛለች። ሱቄ ተዘግቷል። ሰው ጫማ ሊገዛ ቤት ድረስ ሲመጣ "መደርደሪያው ላይ አለ፤ ለክተህ ውሰድ" እላለሁ ከተቀመጥኩበት። ይህን ሁሉ ሆኜም የኸድጃን ቃል አልያዝኩትም፤ ግማሹ እምምታ አሁንም አለ።

"አባ ሲመጣ አንተን ነው ወይስ እናቴን የሚሰማው?" አለችኝ ዘይነባ። "እንደ ዕቃ እኮ ሆንክ። ሂድና ጀማልን ጥራው።"

ጀማል መናኸሪያው አጠገብ ቴሌቪዥንና ስልክ የሚጠግን ወጣት ነው። "ነገ እመጣለሁ" አለኝ። የጀማል ነገ ግን ቶሎ አይነጋም። ሰልችቶኝ ስተወው አንድ ቀን ሳይታሰብ ከተፍ አለ። ቀጥታ ወደ ዴኩ አልሄደም፤ ስፒናዎቹን አንስቶ አየ። መሃላቸው ላይ ጉቶ አለ።

"ማነው እግራቸውን የሰበረው?"

"እንደዚሁ ነው የመጡት" ልል ስል ዘይነባ "እሱ ነው!" አለች።

"ለዚህ ነዋ! ኤርዝ የለውም" አለ ጀማል። "ይህች የሰበርካት እግር ትርፉን መብራት ወደ መሬት የምታወርድ ናት። መውጫ ሲያጣ እዚያው ይዞርና ይጮሃል። አንተን ሲነዝርህ የነበረውም እሱ ነው፤ በአንተ በኩል ነው ወደ መሬት የሚወርደው።"

"ታዲያ እግሮቹን በማጣበቂያ ብመልሳቸውስ?"

ጀማል ረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ወደ ዘይነባ ዞሮ፣ ለእሷ ማስረዳት ጀመረ። ቤቱ ከሥሩም ቢሆን ኤርዝ እንዳልተዘረጋለት፣ ጓሮ ውስጥ ጉድጓድ ተቆፍሮ ብረት መቀበር እንዳለበት፣ ብረቱ ዙሪያ ከሰልና ጨው መሞላት እንዳለበት፣ ቦታው እርጥብ ሆኖ መቆየት እንዳለበት፣ ከብረቱም ሽቦ ወደ አምፕሊፋየሩ እንደሚሳብ ነገራት። "ጨው ውሃ ይይዛል፤ ብዙ ይሁን" አለ። "ቆፍሩና ጨርሳችሁ ጥሩኝ፤ ሽቦውን ነገ መጥቼ አስራለሁ።"

ብዙ ጨው ከተባለ ባቲ ነው። የባቲ ገበያ ሰኞ ነው፤ ከአፋር ቆላ የሚወጣው ጨው እዚያ ይገኛል። ጎህ ሲቀድ ተሳፍሬ ሄድኩ። ፀሐዩ አናቴን እየመታኝ በግመሎችና በፍየሎች መሃል ተጋፍቼ አንድ አፋር ጨው ነጋዴ ፊት ቆምኩ። ይህን ያህል ልግዛ ብዬ ስጠቁመው ደስ አለው።

"ለግመል ነው?"

"አይደለም።"

"ለላም?"

"አይደለም።"

"ለወጥ ይህን ሁሉ?"

"መሬት ውስጥ ልቀብረው ነው" አልኩት።

"ለምን?"

"ቴፑ እያጉረመረመ አስቸገረኝ።"

ሰውየው ጓደኛውን ጠርቶ በአፋርኛ አንድ ነገር ነገረው። ሁለቱም በሐዘኔታ አዩኝ። ከዚያ ከክምሩ ላይ አንድ ትልቅ አሞሌ አንስቶ በነፃ ጨመረልኝና ትከሻዬን መታ መታ አደረገ፤ "አላህ ያሽርህ።"

አሜን አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

ጓሮዬን መቆፈር ስጀምር ጎረቤቴ ሰይዶ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ። ሰይዶ ጨፋ ሸለቆ ላይ ማሽላ አለው፤ ግቢው ውስጥ ደግሞ ላሞች ያረባል። ከላሞቹ ሁሉ የሚሳሳላት ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት ቦቄ ናት።

"ማል ታኤ? ምን ተገኘ?" አለ ጉድጓዱን እያየ።

"ኤርዝ ነው። ጨው ልቀብርበት ነው።"

"ጨው? ደህናውን ጨው?"

"መብራት እንዲወርድበት ነው፤ አይገባህም ሰይዶ።"

"የመብራቱ አይገባኝም" አለ። "የጨዉ ግን ይገባኛል። እዚህ አገር ጨው ተቀብሮ አያድርም።"

ሳቅኩበት። ባልስቅበት ኖሮ እናንተም ይህን ባላነበባችሁ ነበር።

ለቤት መሥሪያ የገዛሁትን ፌሮ ቀበርኩ፤ ከሰልና ጨዉን አፈሰስኩ፤ አፈር አለበስኩ። ክረምቱ ወጥቷል፣ መሬቱ ደርቋል፣ ውሃ ደግሞ በየቀኑ አይመጣም። ስለዚህ ውዱ የማደርገው እዚያ ላይ ሆነ። ሱብሂም፣ ዙህርም፣ አሱርም እግሬን ያጠብኩበት ውሃ ብረቱ ላይ ይወርዳል። ዘይነባም ሰሃን የታጠበበትን አምጥታ ትደፋለች። ለአንድ ብረት ይህን ያህል ስንንከባከብ ያየ ሰው ብርቱካን የተከልን ይመስለዋል።

ሱብሃነላህ! ጀማል መጣ፤ ሽቦውን በመስኮት አስገብቶ አምፕሊፋየሩ ጀርባ ላይ አሰረው። አበራሁ። እምምታው ወርዶ ወርዶ የትንኝ ድምፅ ሆነ። ማመን አቃተኝ። ካሴቱን አስገባን። ድቤው አረፈ። አንዲት ሴት ጉሮሮዋን ስትጠርግ ተሰማ።

"እማ ናት!" ብላ ዘይነባ ቁጭ አለች። ዓይኗ ሞላ። ከዚያ ብድግ ብላ ዴኩን አጠፋችው።

"ምን ሆንሽ? አሁን ልትናገር እኮ ነው!"

"አባ ሳይሰማ እኛ አንሰማም። እሱ ነው መጀመሪያ መስማት ያለበት።"

ልክ ናት። ታላቅ ሳይቆርስ ታናሽ አይበላም። ግን ምነው ያን ዕለት ባለጌ በሆንን!

በማግስቱ ጠዋት ገና ሳበራው "እምምምም" አለ፤ ከቀድሞውም ባሰ። ጓሮ ሮጥኩ። የቆንጥር አጥሬ ተገንጥሏል። ጉድጓዱ ተገልብጧል። ቦቄ አፏን እስከ ዓይኗ ከሰል አስመስላ፣ የአፋሩን አሞሌ በፊት እግሮቿ መሃል አድርጋ ትልሳለች። ቀና ብላ አየችኝ፤ ምላሷን ወደ አንዱ አፍንጫዋ፣ ከዚያ ወደ ሌላው ሰደደችና ሥራዋን ቀጠለች።

ለጀማል ስልክ ደወልኩ። "ስለ ላም ለምን አልነገርከኝም?"

"እኔ ሥልጠናውን የወሰድኩት አዲስ አበባ ነው፤ እዚያ ጓሮ ውስጥ ላም የለም" አለኝ።

አጥሩን አጠርኩ፤ የተረፈውን ጨው መለስኩ፤ ላዩ ላይ ድንጋይ ጫንኩበት። ቦቄ በሚቀጥለው ቀን ሁለት ጊደሮች አስከትላ መጣች። ድንጋዩን በቀንዷ አንከባለለችው። እኔ አባርራለሁ፣ እሷ ዞራ ትመጣለች። ሱቄን ዘግቼ ጨው የምጠብቅ ዘበኛ ሆንኩ። ሰይዶ ጨፋ ወፍ ይጠብቃል፣ እኔ እዚህ የእሱን ላም እጠብቃለሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏል ይህ ነው። እየደከመኝ መጣ፤ ቀን ቆሜ እውላለሁ፣ ውዱ እያደረግኩ እንኳ አይኔ ከአጥሩ አይነሳም።

አንድ ጠዋት ግን ሱቅ ደርሼ ልምጣ ብዬ ወጣሁ። ለካ እንደተሰካ የተውኩት አምፕሊፋየር ውስጥ ለውስጥ መብራት ያፈሳል፤ የሚያፈሰውም በአዲሱ ሽቦ ወደ ብረቱ ይወርዳል። ቦቄ በረጠበ አፍንጫዋ ብረቱን ስትነካው ነዘራት። እንዴት እንደዘለለች ሰፈር ሁሉ ያወራዋል። ስትዘል ሽቦው ቀንዷ ላይ ተጠመጠመ። ስትሮጥ ሽቦው ተከተላት፤ ሽቦውን ደግሞ አምፕሊፋየሩ ተከተለው። ዘይነባ ዕቃው ከጠረጴዛ ወርዶ መሬት ለመሬት ወደ መስኮቱ ሲሄድ አይታ "ቢስሚላህ!" ብላ ጮኸች። መስኮቱ ጋ ሽቦው ተበጠሰ። አምፕሊፋየሩን አንስተን ስናበራው አንዱ ስፒከር አልናገርም አለ። የእሱም ግራ ጆሮ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ሰይዶ ደጃፌ ላይ ቆሟል።

"ላሜን በመብራት ነዘርካት! ወተቷ ቀረ! ዛሬ ጠብ አላለም!"

"ኤርዜን በልታ ጨርሳብኝ ደግሞ ወተት?"

"ቦቄ መብራት በላች ነው የምትለኝ?"

"ጨዉን በላች!"

"ጨው ካልበላች ምን ትብላ ታዲያ?"

እንዲህ እየተባባልን ሳለ "አሰላሙ አለይኩም" የሚል ድምፅ ከኋላችን መጣ። ሼህ ሙሄ ናቸው። ማሽላቸው ተነስቷል፤ በቀጠሯቸው መጥተዋል። እኔ በእጄ የተበጠሰ ሽቦ፣ ሰይዶ በእጁ ባዶ የወተት ቅል ይዘን ቆመናል። ሽማግሌ በእግሩ ከመጣ ሌላ ሽማግሌ አይፈለግም፤ ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ተቀመጥን።

"አንተ ተናገር" አሉት ሰይዶን።

"አባ፣ ላሜን በመብራት ነዘራት። ወተቷ ቀረ።"

"አንተስ?"

"አባ፣ ጨዉን ሁሉ ላሰችብኝ። አምፕሊፋየሬንም ጎትታ ሰበረችው።"

"ጨዉን ማን አኖረው?"

"እኔ።"

"የት?"

"ጓሮ… መሬት ውስጥ።"

ሼህ ሙሄ ጺማቸውን ያዝ አደረጉ። "ላም ባለበት አገር ጨው መሬት ያኖረ ሰው፣ ላሟን ነይ ብሏታል። የጠሩትን እንግዳ ደግሞ አይመቱም። የቀረውን ጨው አውጥተህ ለላሟ ካሳ ስጣት።" ወደ ሰይዶ ዞሩ፤ "አንተም ላምህ በሰው ጓሮ ስትውል የት ነበርክ? አጥሩን አብረህ እጠር። ወተቱ ድንጋጤዋ ሲለቃት ይመለሳል፣ ኢንሻአላህ።"

ፋቲሃ ተቀራ፤ ተጨባበጥን። እኔ እንግዲህ ጨዉን ለቦቄ በእጄ አቀረብኩላት። ከባቲ ተሸክሜ ያመጣሁት ለእሷ ኖሯል፤ ያ አፋር ያኔውኑ "ለላም ነው?" ያለኝ እውነቱን ነበር።

ከዚያ ሼህ ሙሄ ወደ ቤት ገቡና ስፒከሩ አጠገብ ተቀመጡ። "በል ልጄ፣ አሰማኝ" አሉ። ሰይዶም እንግዳ ሆኖ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ኤርዝ የለም። ጨው የለም። ካቻቢቴዬን ኪሴ ውስጥ ሻጥ አድርጌ፣ ከጠዋት ጀምሮ እህል ሳልቀምስ፣ ሁለት እጄን ዕቃዎቹ ላይ ጭኜ አበራሁት።

"እምምምምምም።"

ድቤው መጣ፣ ሄደ፣ አረፈ። ሼህ ሙሄ ቀኝ ጆሯቸውን ስፒከሩ ላይ ለጠፉ። ፊታቸውን እያየሁ ነበር። መጀመሪያ ተስፋ ነበረው። ቀስ እያለ ጠፋ።

"ነፋስ ነው ልጄ?" አሉ።

ምን ልበላቸው? ዘይነባ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

"እሺ፣ ግዴለም" አሉ። "ተወው፣ አትልፋ። ጆሮ እያለኝ ያልሰማሁትን አሁን ከየት ላመጣው ነው።"

ይህን ሲሉኝ የዛልኩት መዛል ከዚያ በፊት ዝዬ አላውቅም። ባቲም፣ ጉድጓዱም፣ ቦቄም አንድ ላይ ሆነው ትከሻዬ ላይ ወጡ። ላለቅስ ምንም አልቀረኝ።

በዚያው ቅጽበት መብራት ጠፋ።

እንደ ወትሮዬ ልራገም አፌን ስከፍት ሁሉ ነገር ጸጥ አለ። የእኛ እምምታ ብቻ አይደለም የቆመው። የወፍጮ ቤቱ ድምፅ ቆመ። የጸጉር ቤቱ ሙዚቃ ቆመ። ፍሪጁ ተንቀጥቅጦ አረፈ። ከሚሴ ይህን ያህል ድምፅ እንደነበራት ሲጠፋ ነው ያወቅኩት። ከአጥሩ ማዶ ቦቄ ጨዉን ስትልስ ይሰማል።

ሰይዶ ከጥግ ጉሮሮውን ጠረገ። "እኔኮ… የወፍ ቴፕ አለኝ።"

"የምን ቴፕ?" አለች ዘይነባ።

"ማሽላው ላይ ወፍና ዝንጀሮ እንዲሸሽ በካሴት የማስጮኸው። በድንጋይ ነው የሚሠራው፤ ባትሪው ገና አላለቀም። አሁን ማሽላው ስለተነሳ ቤት ተሰቅሏል።" መልስ ሳይጠብቅ ሄደ፤ ገመድ የታሰረበት፣ አቧራ የለበሰ ትንሽ ቴፕ ይዞ ተመለሰ።

እኔ ካቻቢቴዬን ይዤ ተጠጋሁ።

"አትንካው!" አሉኝ ሦስቱም በአንድ አፍ።

ዘይነባ ካሴቱን አስገባች። ሼህ ሙሄ ቴፑን እንደ ሕፃን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ቀኝ ጆሯቸውን አስጠጉ። ድቤው ከሩቅ እንደሚሰማ ሆኖ መጣ። አረፈ። ጉሮሮዋን ጠረገች። ከዚያ ያች ቀስ ያለች ድምፅ፣ አጠገባችን የተቀመጠች ይመስል፣ ጥርት ብላ ተናገረች፤

"ኧረ ይህን ልጅ እዩልኝ! ሙሽራ ሆኖ ተነስቶ የማይኩን ሽቦ ይነካካል። ከጠዋት ጀምሮ እኮ አልበላም። 'ሽቦውን ተውና ኛዱ' በሉት። ለሼሁም ደጅ ውሰዱለት፤ እሱ ካልሰጡት አይጠይቅም።"

ሴቶች ሳቁ፤ ድቤው እንደገና መታ።

አስታወስኩ። ሙሽራ ከተቀመጠበት አይነሳም፤ እኔ ግን ማይኩ ሲያጉረመርም አላስችል ብሎኝ ተነስቼ ነበር። ሚዜዬ በእጀ ጠባቤ ጎትቶ አስቀመጠኝ። ለካ ያኔም ያው ድምፅ ነበር፣ ያኔም ያው እኔ ነበርኩ።

ሼህ ሙሄ ጆሯቸውን ከቴፑ ሳያነሱ ብዙ ቆዩ። እንባቸው በጺማቸው ላይ ይወርዳል፤ አፋቸው ግን እየሳቀ ነው።

"አይጠይቅም አለች?" አሉ።

"አዎ አባ። 'ካልሰጡት አይጠይቅም' ነው ያለችው" አለች ዘይነባ እያለቀሰች።

"እውነቷን ነው" አሉ። "ጠይቄ አላውቅም ነበር።" ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። አንድ እጄ ላይ ካቻቢቴ፣ በአንዱ የተበጠሰው ሽቦ አለ። "አንተ ልጅ፣ ሰምተሃል?"

"ሰምቻለሁ አባ።"

"እንግዲያ ምን ትጠብቃለህ?"

ካቻቢቴውንም ሽቦውንም መሬት አኖርኩ። ዘይነባ አንድ ትሪ አቀረበች፤ ለሰይዶም ቦታ ለቀቅንለት። እጃችንን ታጥበን ቢስሚላህ አልን። መብራቱ መቼ ተመልሶ እንደመጣ እንዳትጠይቁኝ፤ እየበላሁ ነበር።